አባ ሲታመም ስለ «የካንሰር ሴል የደም ምርመራ» የገባኝ ነገር

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ሴትዮ የአባቷን የሲቲ ስካን ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሰራው፣ የሆስፒታል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው በቀን አይጠፋም፣ አይኔ ለምዶታል፣ ገና ማሽኑ ላይ ሳስቀምጠው የጉበት መሆኑ ገባኝ። ዝም ብዬ ኮፒ አድርጌ ልሰጣት ስል "እህቴ፣ በደም ብቻ የካንሰሩን ሴል የሚያይ ምርመራ አለ አሉኝ፣ ውጪ ይላካል አሉ፣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። ወላሂ ማሽኑን አጥፍቼ ነው ወንበር የሳብኩላት። ለሷ ያወራኋትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። ሀኪም አይደለሁም፣ ግን አባቴን ይዤ አንድ አመት ሙሉ በዚ ነገር ተንከራትቻለሁ፣ የሰማሁትን እየጻፍኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ እየጠየቅኩ ማለት ነው።

አባ የሃርቡ ገበሬ ነው። ያ አመት ረመዳን ሲያልቅ በጣም ከስቶ ነበር፣ እኛም ጾሙ ነው አልን፣ እሱም ጾሙ ነው አለ። ኢድ አለፈ፣ ሸዋል አለፈ፣ ሰውየው አልተመለሰም። እኔ የነቃሁት በቀበቶው ነው። ለበዓል ስሄድ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ፣ ስመለስ ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ተበስቷል፣ የተረፈው ጫፍ ተንጠልጥሎ ወገቡን ሊዞር ምንም አልቀረው። ቀኝ ጎኑ ከጎድኑ ስር ይከብደኛል ይል ነበር፣ "ያመኛል" አይደለም የሚለው፣ "ድንጋይ እንደያዝኩ ነው" ነው የሚለው። አይኑ ትንሽ ቢጫ ሲል ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ መድሃኒት አዋቂ ጋ ወሰዱት፣ ክንዱ ላይ በቅጠል አቃጠሉለት፣ እስከመጨረሻው ጠባሳው ነበረ። ማንንም አልወቅስም፣ ሁላችንም ያደግነው እንደዚ ነው፣ ግን ሁለት ወር በላብን።

ከዛ በግድ የሃረጎን ዳገት አስወጥቼ ደሴ አመጣሁት። አልትራሳውንድ ሲታይ ቀኝ በኩል 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት አለ፣ ጉበቱም ራሱ ሻካራ ሆኗል አሉ። ደም ሲሰጥ ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ ነው) ፖዘቲቭ ሆነ። አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባለው ደግሞ (ኤኤፍፒ ይሉታል ባጭሩ፣ የጉበት ካንሰር ሲኖር ብዙ ጊዜ ደም ውስጥ የሚበዛ ፕሮቲን ነው) 1150 ወጣ፣ በጤነኛ ሰው ከ10 ባይበልጥ ነው።

እዚች ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዙ ሰው ስለሚሸወድባት። ከሶስት ሳምንት በኋላ ሌላ ላብራቶሪ አሰራነው፣ 980 ወጣ። አጃኢብ! ቀነሰ! እማ ያን ቀን ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታ ዱአ አስደረገች፣ አባም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ኮፒ ሳደርግ ነው ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጽሁፍ ያየኋት፣ አንዱ ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይላል፣ ሌላው ኢንተርናሽናል ዩኒት። ዶክተሯን ስጠይቃት አንዱ ዩኒት ወደ 1.2 ናኖግራም ነው አለችኝ፣ በስልኬ አባዛሁት፣ 980ው እንደውም 1180 አካባቢ ሆነ። አልቀነሰም ማለት ነው። ለእማ አልነገርኳትም። እና ኤኤፍፒ የምታሰሩ ሰዎች አንድ ቦታ አሰሩ፣ ካልሆነም ዩኒቷን እዩ። ደሞ ኤኤፍፒ ኖርማል ሆነ ማለት ካንሰር የለም ማለት እንዳልሆነ እወቁ፣ የጉበት ካንሰር ኖሮባቸው የማይጨምርባቸው ብዙ ናቸው፣ እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ያለምንም ካንሰር ይጨምራል።

ሲቲ ስካን ታዘዘ፣ "ትራይፌዚክ" የሚባለው። ክንድ ላይ ማቅለሚያ ተወግቶ በተለያየ ሰዓት ሶስት ጊዜ ፎቶ ይነሳል። ለምን ሶስቴ ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ገንዘቡም ስላንገበገበኝ። ጤነኛው ጉበት አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ደም ስር ነው፣ ካንሰሩ ግን ከልብ በሚመጣው በአርተሪው ነው የሚመገበው፣ ስለዚ ማቅለሚያው ገና እንደገባ ካንሰሩ ቀድሞ ያበራል፣ ትንሽ ቆይቶ ጉበቱ ሲያበራ እሱ ደብዝዞ ይታያል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲሮሲስ (ጉበቱ ጠባሳ ይዞ መሻከሩ) ያለበት ሰው ላይ ይሄ ቀድሞ መብራትና መደብዘዝ በደንብ ከታየ መርፌ ሳይገባ የጉበት ካንሰር ነው ብለው ይወስናሉ። አባ ይሄን ሲሰማ እፎይ አለ፣ "ብረት ከነካው ይሰራጫል" የሚለውን ነገር በጣም ነበር የሚፈራው። ሲዲውን ስጡን በሉ ደሞ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፣ ቀጥሎ የሚያየው ሀኪም ምስሉን ራሱን ነው የሚፈልገው፣ እኛ ሲዲውን ረስተን ለሱ ስንል አንድ ቀን ሙሉ ተመላለስን።

የአባ ላይ ካንሰሩ ዋናው ደም ስር ውስጥ ገብቷል አሉን። ኦፕሬሽን አይሆንም ማለት ነው።

እዚ ጋ ነው ወንድሜ የሚገባው። ወንድሜ ሳዑዲ ነው ያለው፣ በጅቡቲ አድርጎ በባህር በየመን ነው የገባው፣ ስንት ነገር አይቶ። ያን ለሊት በኢሞ ቮይስ ላከ፣ አራት ደቂቃ። "እህት አለም አብሽሪ፣ አግኝቼዋለሁ" ይላል። አንድ ቪዲዮ አይቷል፣ ከአንድ ቱቦ ደም ላይ የካንሰር ሴል ለቅሞ የሚያወጣ ማሽን፣ ካንሰሩ የት እንዳለ፣ የትኛው መድሃኒት እንደሚገድለው ሁሉ ይናገራል ይላል ቪዲዮው። አዲስ አበባ ሰው አለ፣ ደሙን ወደ ውጪ የሚያስልክ፣ ስልኩን ሰጠኝ። ደወልኩ። ሰውየው ትሁት ነው፣ "እናቴ፣ እህቴ" እያለ ነው የሚያወራው፣ 140 ሺህ ብር አለኝ፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ ደሙን ግን እናንተው ደሴ አስቀድታችሁ በአይስ ቦክስ በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ በባስ ላኩልኝ አለ።

140 ሺህ ብር ያለን በሬ ላይ ነው። አባ ጥማድ በሬ ነበረው፣ ዳማና ቦራ። ታላቅ ወንድሜ ባቲ ሰኞ ገበያ ሊያወጣቸው ተስማማ፣ የቀረውን ሳዑዲ ያለው ሊልክ። አባ ምንም አላለም፣ ብቻ "እርሻው ሳያልቅ?" አለ። ይቺ ቃል አልወጣ አለችኝ። ቅዳሜ ነው ይሄ የተባለው። አርብ የነበረ ቀጠሮ በዶክተሯ መቅረት ወደ ሰኞ ጠዋት ተዛውሮልን ስለነበር ደውዬ በሬዎቹ ለሚቀጥለው ሰኞ ይቆዩ አልኩ፣ መጀመሪያ ልጠይቃት።

ዶክተሯ ገና ልጅ ናት፣ ከኔ ብታንስ ነው። ቪዲዮውን በስልኬ አሳየኋት፣ እስከመጨረሻው አየችው፣ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ነገሩ ውሸት አይደለም" አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ውሸት ነው ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ወረቀት ገልብጣ መሳል ጀመረች። ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ አለ።

ካንሰሩ ጉበት ላይ ቁጭ ብሎ አይቀርም አለችኝ፣ አንዳንድ ሴሎች ከእብጠቱ እየተላቀቁ ደም ውስጥ ይገባሉ። ከጉበት የሚወጣው ደም በትልቁ ደም ስር ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ የጉበት ካንሰር ከጉበት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ የሚታየው ለዛ ነው። እነዚ ደም ውስጥ የሚዞሩት ሴሎች ናቸው በፈረንጅኛው ባጭሩ ሲቲሲ የሚባሉት። አዲስ ነገርም አይደለም፣ አሽዎርዝ የሚባል የአውስትራሊያ ሀኪም ነው መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ አይቶ የጻፈው፣ በ1869 እንደ ፈረንጆቹ፣ በካንሰር የሞተ ሰው ደም ውስጥ። እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱ በአመቱ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ሴሎች ደም ውስጥ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ናቸው ተርፈው ሌላ ቦታ የሚተክሉት።

"ታዲያ ካሉ ደም ቀድቶ ማየት ምን ያቅታል?" አልኳት።

"ሃርቡ ማሽላ በጉድጓድ ነው አይደል የምታስቀምጡት? በሙሉ ጉድጓድ ማሽላ ውስጥ አንዲት የኑግ ፍሬ ጥዬ ፈልጊ ብልሽስ?" አለችኝ።

ከዛ ቁጥሩን ጻፈችልኝ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ቀይ የደም ሴል ወደ 5 ቢሊዮን ነው፣ ነጩ ከ4 እስከ 10 ሚሊዮን። የካንሰሩ ሴል ደግሞ በሽታው በገፋበት ሰው ላይ እንኳ በጣት የሚቆጠር ነው፣ አንድ ቱቦ ሙሉ ቀድተው አንድም የማያገኙበት ጊዜ አለ። ይባስ ብሎ እኛ የምንቀዳው ከክንድ ነው፣ ደሙ ክንድ ላይ እስኪደርስ በሳንባ ቀጫጭን ደም ስሮች አልፎ ነው፣ ትላልቆቹ ሴሎች እዛው ይቀረቀራሉ፣ ከጉበቱ በሚወጣው ደም ስር ላይ በዝተው የነበሩት ክንድ ላይ ሲደርሱ ያንሳሉ።

ማሽኑ እንዴት እንደሚሰራም ነገረችኝ። በጣም የታወቀው 7.5 ሚሊ ሊትር ደም ይወስዳል፣ ደቃቅ የብረት ብናኝ ይጨመርበታል፣ ብናኙ ላይ "ኤፕካም" የምትባል ፕሮቲን የምትይዝ መንጠቆ ተለጥፋለች፣ ኤፕካም ያለባት ሴል ብናኙ ይጣበቅባታል፣ ከዛ በማግኔት ይሳባል። የተሳበውን ቀለም ቀብተው ነጭ የደም ሴል የሆነውን አውጥተው የቀረውን ይቆጥራሉ። አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የፈቀደችው ለተዛመተ የጡት ካንሰር ነው፣ በኋላ ለአንጀትና ለፕሮስቴት ተጨመረ። ለጉበት አይደለም።

"ለምን ለጉበት አልሆነም?" ስላት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ሲኒ አነሳች (ጠዋት ነው፣ ቡናዋን ሳትጨርስ ነው የገባንባት)። "መንጠቆ ይዘሽ ጆሮ ያለው ኩባያ በቀላሉ ታነሺያለሽ፣ ይሄ ሲኒ ግን ጆሮ የለውም" አለች። ኤፕካም ማለት ጆሮው ነው። ጤነኛ የጉበት ሴል ኤፕካም የለውም፣ ከጉበት ካንሰሮችም አብዛኞቹ ወይ የላቸውም ወይ በጣም ትንሽ ነው ያላቸው፣ መንጠቆው ያልፋቸዋል። ስለዚ ማሽኑ "ዜሮ" ቢል የለም ማለት አይደለም፣ አልያዝኩም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ እየሞከሩ ነው፣ የካንሰር ሴል ከደም ሴል ስለሚተልቅ በወንፊት ማጥለል አለ፣ የጉበት ሴል ብቻ የሚይዛቸውን ፕሮቲኖች መያዝ አለ። ብዙው ስራ ቻይና ነው የሚሰራው፣ እነሱ ጋ በሄፓታይተስ ቢ የመጣ የጉበት ካንሰር ስለበዛ። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ሻንጋይ ላይ የወጣ አንድ ጥናት ኦፕሬሽን ከመደረጉ በፊት በ7.5 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በዛው በኤፕካም መንጠቆ የተያዘ 2 እና ከዛ በላይ የካንሰር ሴል የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ካንሰሩ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመምጣት እድሉ የሰፋ መሆኑን አሳይቷል። ትልቅ ነገር ነው ይሄ። ግን ኦፕሬሽን ለሚደረግ ሰው ነው፣ እሱም ገና ጥናት ላይ ነው፣ የጉበት ካንሰር ህክምና መመሪያዎች በሲቲሲ ቁጥር አይታችሁ መድሃኒት ምረጡ አይሉም።

ከዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ ለናንተም እሱን ነው የማሳልፈው፣ ለማንኛውም ውድ ምርመራ ጠይቁት። "ውጤቱ አምስት ሴል ቢል ለአባባ ምን አደርግላቸዋለሁ? ዜሮ ቢልስ ምን እተውላቸዋለሁ?" ሁለቱም ጋ መልሱ አንድ ሆነ። ደም ስር ውስጥ መግባቱን ሲቲው ነግሮናል፣ ሴሎቹ ደም ውስጥ እንዳሉ ለማወቅ 140 ሺህ ብር አያስፈልግም።

በረዶውን ስነግራት ግን ያን ጊዜ ነው ፊቷ የተቀየረው። ለዚ ምርመራ የሚቀዳ ደም የራሱ ቱቦ አለው አለችኝ፣ ሴሉን የሚያቆይ መድሃኒት ያለበት፣ የክፍል ሙቀት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እስከ 96 ሰዓት ይቆያል፣ በረዶ ውስጥ አይገባም። በተራው ቱቦ ከተቀዳ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ካልተሰራ ሴሎቹ ይበላሻሉ። በአይስ ቦክስ በባስ ደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ከዛ ጉምሩክ፣ ከዛ አውሮፕላን... እንኳን የካንሰር ሴል ሌላም ነገር አይተርፍም። ለሰውየው ደውዬ "የቱን ቱቦ ነው የምንጠቀመው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ማንኛውንም እህቴ" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ዳማና ቦራ ባቲ አልወጡም።

ለወንድሜ ይሄን ማስረዳት ግን ከሁሉም ከበደኝ። እዛ ሆኖ አባቱን ማየት አይችልም፣ የሚችለው ብር መላክ ነው፣ አይሆንም ስለው "ገንዘቡን ሳስታችሁ ነው" አለኝ። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እኔም አለቀስኩ፣ ግን አሁንም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ያን ቀን ከክፍሉ ልንወጣ ስንል ዶክተሯ "ልጆቻቸው ተመርምራችኋል?" አለችኝ። ምን? አልኳት። ሄፓታይተስ ቢ። ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን እሺ ብዬ እረሳው ነበር፣ እሷ ግን ስንት ናችሁ፣ እናት በህይወት አሉ ወይ፣ በቤት ውስጥ ከዚ በፊት ጉበት የተባለ ሰው አለ ወይ እያለች ቆጠረችብኝ። የለም ልል አፌን ስከፍት ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ።

ታናሽ እህቴ ከስድስት አመት በፊት በህጋዊ መንገድ ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ፣ ስልጠና ጨርሳ፣ አዲስ አበባ ሜዲካል (ለጉዞ የሚደረገው የጤና ምርመራ) ወደቀች። ወሎ ውስጥ "ሜዲካል ወደቀች" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እንኳን መሄድ ማግባትም ይከብዳል። ኤጀንሲው "ጉበት አለባት" ብቻ ነው ያለው፣ ወረቀትም አልሰጣት፣ ህክምና ሂጂም ያላት የለም። የባህረ ሰላጤ አገሮች ሜዲካል ላይ ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ያልፋል የሚባል ነገር የለም፣ ያኔ ግን እኛ ይሄን የምናውቀው የት ነው። መጥታ ቤት ገባች፣ እማ ሲኒዋን ለየችባት። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ረከቦት ላይ አንድ ጠርዟ የተሸረፈ ሲኒ ነበረች፣ እሷ የእህቴ ሆነች፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጣባት ለብቻ ትታጠባለች። እህቴ አቦሉም ቶናውም በረካውም በዛች ሲኒ እየጠጣች ሁለት አመት ኖረች። በኋላ አግብታ ኮምቦልቻ ገባች፣ ሁለት ልጅ ወለደች።

ሄፓታይተስ ቢ በሲኒ አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። በደም፣ በግብረ ስጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ልጆች አብረው ሲያድጉም በቁስልና በመሳሰለው ነው፣ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ መዋዋስም አደጋ አለው። በህጻንነቱ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ አይለቀውም፣ አያመውም ግን፣ ሰላሳ አርባ አመት ዝም ብሎ ጉበቱን ይበላዋል። አባም እንደዚ ነው የሆነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን ሁላችንም ሄድን። ስድስት ነን፣ ሳዑዲ ካለው በቀር አምስታችንም፣ እማም። የጣት ደም ነው፣ እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች ስትሪፕ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው፣ ዋጋዋን ከ140 ሺው ጋር ሳስበው ነው የሳቅኩት። ታናሽ እህቴ ፖዘቲቭ፣ እሱን አውቀናል። ታላቅ ወንድሜ ፖዘቲቭ። እማ ፖዘቲቭ። እኔና ሁለቱ ነጋቲቭ፣ ክትባት ጀመርን፣ ሶስት ጊዜ ነው፣ ዛሬ፣ በወሩ፣ በስድስተኛው ወር። እማ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ የሰጠኋቸው" አለች፣ ሌላ አልተናገረችም። እህቴ ናት አጠገቧ ሄዳ የተቀመጠችው፣ ያቺ ሲኒዋ የተለየችባት። ዶክተሯም ወጥታ "እማማ፣ እርሶ ሲወልዱ ክትባቱ አገር ውስጥ አልነበረም" አለቻት። እውነቷን ነው፣ ህጻናት አሁን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ከሚወጉት ጋር ተደርጎ እኛ ጋ የገባው በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የእህቴ ልጆች ተከትበው ስለነበር ሁለቱም ነጋቲቭ ወጡ፣ አልሃምዱሊላህ።

ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ መድሃኒት አይጀምርም፣ ሌላ የደም ምርመራ አለ፣ የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይም፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው)። ታላቅ ወንድሜ ጉበቱ መሻከር ስለጀመረ ቴኖፎቪር ጀመረ፣ በቀን አንድ ፍሬ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቴኖፎቪር የኤችአይቪ ታማሚዎችም ከሌላ ጋር አድርገው የሚወስዱት መድሃኒት ነው፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሻጯ ጮክ ብላ "ይሄ እኮ የዛ በሽታ ነው" ብላበት ወንድሜ መድሃኒቱን ሳይገዛ ወጥቶ አስር ቀን ሳይውጥ ቆየ፣ ለኛም አልነገረንም። ያለ ሀኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ደግሞ ጥሩ አይደለም፣ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበቱን በአንዴ ሊጎዳው ይችላል። ሁለቱንም ቫይረስ እንዳይራባ ስለሚያደርግ ነው፣ በቃ፣ አትፈሩት። ከዛ ውጪ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ፣ ከኤኤፍፒ ጋር። ገና ሁለት ሴንቲ ሳለ የተገኘ እብጠት ተቆርጦ ወይም ተቃጥሎ ሊጠፋ ይችላል፣ የአባ 7 ነበር።

ማሽላውንም ጠይቃን ነበር ዶክተሯ። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ማሽላ ሽታ አለው፣ እኛ ያደግንበት ሽታ ነው፣ እርጥበት ሲገባው ግን ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፣ በቆሎና ለውዝ ላይም አለ። ይሄ መርዝ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር አንድ ሰው ላይ ሲገናኝ የጉበት ካንሰር አደጋውን አባዝቶ ነው የሚጨምረው፣ በመጋገርም በማፍላትም በቀላሉ አይጠፋም። አባ የሻገተውን ለከብት አይሰጥም ነበር፣ ከብት ያመዋል ብሎ። ታጥቦ ደርቆ ለኛ ነው የሚፈጨው። ታላቅ ወንድሜ አሁን ጉድጓዱን ደፍኖት በጆንያ ከወለል ከፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

አባ ሆዱ ውሃ መቋጠር ጀመረ፣ አይኑ ደግሞ በጣም ቢጫ ሆነ። ሶራፌኒብ የሚባል የሚዋጥ መድሃኒት አለ፣ ለዚ ካንሰር እንደ ፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ የሚሰጥ፣ በ2020 ደግሞ በደም ስር የሚሰጡ አዳዲሶች መጥተዋል፣ ግን ሁሉም ጉበቱ ገና በደንብ የሚሰራ ሰው ይፈልጋሉ፣ የአባ አይችለውም አሉን። በየአስራ አምስት ቀኑ ውሃውን ያስቀዳ ነበር፣ የህመሙን ደግሞ በፈሳሽ የሚሰጥ ሞርፊን አገኘንለት። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ብላችሁ የሚሞት ሰው አታስጨንቁ፣ እኛ ለአንድ ወር አስጨነቅነው። መጨረሻውን ቤቱ ሆነ፣ በሬዎቹ ግቢ ውስጥ ነበሩ፣ ለሊት ሲያመነዥኩ ይሰማዋል፣ "ቦራ ነው" ይለን ነበር በድምጹ ለይቶ። ቡና ሲፈላ ያቺን ጠርዟ የተሸረፈች ሲኒ አንስቶ በሷ ስጡኝ አለ። እማ ዝም ብላ ቀዳችለት።

ሳዑዲ ያለው ወንድሜ ለቅሶውን በቪዲዮ ነው የተቀመጠው። ታርቀናል። እሱ ግን በባህር ስለሄደ ሜዲካል የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም፣ ከስድስታችን ያልተመረመረ እሱ ብቻ ነው። ክሊኒክ ልሂድ ቢል ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ይጠየቃል፣ ኢቃማ የለውም፣ ደሞ ፖዘቲቭ ከሆንኩ ይይዙኛል ብሎ ይፈራል። እኔም ምን ልበለው፣ ስጋቱ እውነት ነው። በየጁምአው ማታ በኢሞ እደውልለታለሁ፣ መጀመሪያ ስለ እማ ያወራል፣ ከዛ ስለ በሬዎቹ፣ ከዛ እኔ "ሄድክ?" እለዋለሁ። ያለፈው ጁምአ "ያንቺ ሶስተኛው ክትባት መቼ ነው?" ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ህዳር ላይ ነው አልኩት።